በየሰባተኛው አበባ

የሕዝባዊ ጥበባት ማኅበሩን መጽሔት ለሃያ ሦስት ዓመት ያዘጋጀውን ሰውዬ በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ፊት ለፊት «ጋሼ» ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ «ማስመሪያ»። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አንዲት የብረት ማስመሪያ ጠፍታ አታውቅም። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየ ሳያቃና አያልፍም፤ ሰው ቤት ሄዶ የጠረጴዛው ልብስ በአንድ በኩል ረዝሞ ከተንጠለጠለ ጨዋታው አይገባውም። አንድ ጊዜ ሆስፒታል የተኛ ጓደኛውን ሊጠይቅ ሄዶ፣ በሽተኛውን ትቶ አንሶላውን ሲያስተካክል ነርሷ አባርራዋለች ይባላል። እሱ መባረሩን አይቀበልም። «እንድወጣ ጠየቀችኝ» ነው የሚለው።

ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በቅየሳ መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ነበር። የመጽሔቱን ሥራ የጀመረው በትርፍ ሰዓቱ ነው፤ እያደር ግን ትርፉ ሌላው ሰዓት ሆነ። ቢሮው ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች ክፍል ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ በጉልበት ካልተገፋ በሩ የማይዘጋ ቁም ሣጥን፣ ወደ ታክሲ መቆሚያው የሚያይ መስኮት። ከታች ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጓራ ስብሰባ ላይ ሁሉም የሚያወራው እየጮኸ ነው። ለማያውቃቸው ሁልጊዜ የሚጣሉ ይመስላሉ።

መጽሔቷ በዓመት አራት ጊዜ ትወጣለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያነባት ማስመሪያ ብቻ ነበር። ምሁራኑ ስለ ጥልፍና ስለ ሽመና ታሪክ የሚጽፏቸው ጽሑፎች ረጃጅም ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ከታተመ በኋላ መልሰው አያዩዋቸውም። ሰው የሚጠብቀው መሐሏን ነው። መሐሏ ላይ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ፤ ሲዘረጋ ጠረጴዛ ይሸፍናል። በላዩ ላይ የአንድ ጥልፍ ንድፍ በትንንሽ ካሬዎች ተሥሎበታል፤ አንዱ ካሬ አንድ ስፌት ነው። መጽሔቷ በወጣች ማግሥት ጠላፊዎች ወረቀቱን ገንጥለው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል፤ የተረፈውን የመደርደሪያ ምንጣፍ ያደርጉታል። ማስመሪያ ይህንን ያውቃል፤ አይከፋውም። ወረቀቱ የእጁ ሥራ ነዋ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አባላት ከየቤቱ ያረጀ ጥልፍ ይዘው ይመጣሉ። ማስመሪያ ጨርቁን ሰሌዳ ላይ በስፒል ወጥሮ፣ በአጉሊ መነጽር ስፌቱን አንድ በአንድ እየቆጠረ ወደ ደብተሩ ይገለብጠዋል። ጠላፊዋ ስታ ከሆነ፣ አንድ ስፌት ዘላ ወይም ወደ ግራ መዞር ያለበትን ወደ ቀኝ አዙራ ከሆነ፣ በቀይ እርሳስ ያስተካክለዋል። ለሕትመት የሚሄደው የተስተካከለው ነው። «እጅ ነው፣ ይደክማል» ይላል፤ ይህንን ሲል ድምፁ ውስጥ ንቀት የለም። ለጠላፊዋ ውለታ የዋለላት ነው የሚመስለው፤ ከልቡ።

ነገር የመጣው አዲሷ ሊቀመንበር ስትመረጥ ነው። ሴትየዋ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበረች፤ አነጋገሯ ሁሌም ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆመ ሰው ነው። ከእሷ ጋር ለመጽሔቱ ሁለተኛ አዘጋጅ ሆና የመጣችው ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት በሬዲዮ ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ስታደርግ የኖረች ሴት ናት፤ አባላቱ ሳይውሉ ሳያድሩ «ሬዲዮ» አሏት። ሬዲዮ ከመናገር ይልቅ መስማት የምትወድ ሰው ናት፤ ስሙ የወጣላት በስህተት ነው ማለት ይቻላል።

«እስከ ዛሬ ስለ ባለሙያዎቹ ስንጽፍ ኖርን» አለች ሊቀመንበሯ በመጀመሪያው ስብሰባ። «ከእንግዲህ መጽሔታችን አቅጣጫውን ይለውጥ። በመሐሉ ወረቀት ፈንታ ራሳቸው ይናገሩ።»

«ጠላፊ ትጠልፋለች» አለ ማስመሪያ። «ማስረዳቱ የእኛ ፈንታ ነው። ሁሉም ከተናገረ አዘጋጅ ምን ያደርጋል?»

«ይሰማላ» አለች ሬዲዮ።

ሰው ሳቀ፤ ማስመሪያ አልሳቀም። ጭቅጭቁ መሐል ላይ ሬዲዮ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ የትራስ ልብስ አወጣችና ከመጽሔቷ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ዘረጋችው። ሁለቱ አንድ ንድፍ ናቸው ይባላል። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «እዚህ ጋ ጨርቁ ላይ የሌለ ስፌት ወረቀቱ ላይ አለ። እዚህም። እዚህም።»

«እሱ የጠላፊዋ ስህተት ነው፤ አስተካክዬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ካርታ ሲነድፉ ወንዝ ያቃኑ ነበር?»

ማስመሪያ የትራስ ልብሱን ወደ ራሱ ስቦ ጠርዙን አቃና። በመጨረሻ የተወሰነው ይህ ነው፤ ለአንድ እትም ብቻ ወረቀቱ ይቆይ፣ እሱም ከአንዲት ጠላፊ እጅ ላይ እንዳለ፣ ሳይነካ ይነደፍ፤ ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን እትሙ ከመውጣቱ በፊት ቦርዱ ተሰብስቦ ይቁረጥ። ወረቀቱ ከቀረ ማስመሪያም አብሮት እንደሚቀር ለማንም አልተሰወረም። ከሁሉ በላይ ለእሱ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወጥ ቤት ቆማ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ሰነባብቷል፤ ቢላዋውን የምታስኬደው አውራ ጣቷን አስቀድማ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈላት። የሬዲዮን ድምፅ እያስመሰለ «ይሰማላ» ሲል ሚስቱ ሳቋ አመለጣት።

«ቢናገሩ ምን ይጎዳሃል?» አለችው።

«አንቺም ከእነሱ ጋር ሆንሽ?»

«እኔማ ከሽንኩርቴ ጋር ነኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ የተወችው መሰለው፤ ግን ደሙ ፈልቶ ስለነበር አልጠየቃትም።

በሳምንቱ ሬዲዮና እሱ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ወዳለ ሰፈር ሄዱ። ሬዲዮ ያገኘቻቸው ጠላፊ ሰማንያ ያለፋቸው አሮጊት ናቸው፤ ልጃቸው ቤት፣ ወደ ጓሮ በሚያይ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ሲገቡ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ከአጥር ማዶ ልብስ ከምታሰጣ ጎረቤት ጋር ያወራሉ፤ ጭናቸው ላይ ሸካራ ጨርቅ፣ እጃቸው ላይ መርፌ። ወሬውም አልተቋረጠ፣ መርፌውም አልቆመ። ማስመሪያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና እጃቸውን ያይ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነገር ገባው። ሴትየዋ ጨርቁን አያዩም። አንድ ጊዜ እንኳ አላዩትም።

«እማማ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ብርሃኑን አያለሁ። ሰው ሲገባ ጥላውን አያለሁ። ይኼ ረጅሙ ዝም ያለው ማነው?»

«የመጽሔቱ አዘጋጅ ናቸው፤ ወረቀቱን የሚሠሩት።»

«እሰይ» አሉ። «የልጄ ሚስት የአንተን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነው የምትሠራው። ያምራል ይላሉ። ለሚያይ ሰው ነው እንጂ።»

ማስመሪያ ወንበሩን አስጠጋ። ጥልፉ የአበባ ሐረግ ነው፤ እያንዳንዱ አበባ መሐሉ ላይ አንዲት የተሞላች እምብርት አለችው። በየሰባተኛው አበባ ላይ ግን እምብርቷ የለችም። ጨርቁ ባዶውን ነው።

«እማማ፣ እዚህ ጋ አንድ ስፌት ዘለዋል» አለ በተቻለው መጠን ለስለስ ብሎ።

«ዘልያለሁ።» አሮጊቷ ሌባ ጣታቸውን ባዶዋ ቦታ ላይ አሳረፉ። «ማረፊያ ናት። ክር ሲያልቅብኝ፣ ሰው ሲጠራኝ፣ ዓይኔ እንቢ ሲለኝ ጣቴ ሄዳ እሷን ትፈልጋለች። ሌላው ሁሉ ጎርበጥ ይላል፤ እሷ ብቻ ልስልስ ናት። ከእሷ ወዲያ ስድስት ቆጥሬ ሰባተኛውን እዘላለሁ፤ የታችኛውንም መስመር በእሷ ልክ እጀምራለሁ። ማረፊያ ከሌለው ከጫፍ ጀምሬ መቶ ምናምን አበባ ልቁጠር እንዴ? ያን ያህል ዕድሜም የለኝ።»

ሬዲዮ መቅጃዋን ወደ እሳቸው አስጠጋች። ማስመሪያ ደብተሩን ከፍቶ ይዟል፤ እርሳሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ስንት ማረፊያ ሞላ? በአጉሊ መነጽር እየፈለገ፣ በቀይ እርሳስ እየደፈነ፣ ደግሞም ውለታ እየዋለ።

ቤት ደርሶ በቀጥታ የሄደው ወደ ሣጥኑ ነው። የመጽሔቷ የመጀመሪያ ወረቀት፣ ቁጥር አንድ፣ የተነደፈው ከራሱ ሚስት የትራስ ልብስ ላይ ነበር፤ ለሰርጓ የጠለፈችው። አውጥቶ ወደ ብርሃኑ ወሰደው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጠረ። ሰባተኛው አበባ እምብርት የለውም። አሥራ አራተኛውም። ሃያ አንደኛውም። የያኔው ደብተሩ ላይ ግን እያንዳንዷ ቦታ በቀይ ተሞልታለች፤ ዳር ላይ በራሱ ጽሕፈት «ተረስቶ ነው» ይላል።

ሚስቱ ሳሎን ተቀምጣ ዜና ትሰማ ነበር። ጨርቁን ጭኗ ላይ አኖረላት። በእጇ ዳሰሰችውና የራሷ ሥራ መሆኑን አወቀች፤ ጣቷ ሄዳ ባዶዋ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይህቺን ምን ትሏታላችሁ?»

«ማረፊያ» አለች፤ ከዚያም ሬዲዮኑን ዘጋችው።

«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ግን ወረቀቱን ከማተሚያ ቤት ይዘህ ስትመጣ እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ‘የረሳሻቸውን ሁሉ ሞልቼልሻለሁ’ አልከኝ። ምን ልበልህ? አዎ ረስቼ ነው አልኩህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እኔም መሙላት ጀመርኩ። በመጽሔት የወጣው ነው ትክክሉ እየተባለ፣ የአዘጋጁ ሚስት እየዘለለች ትቀመጥ? ልጃችንንም ያስተማርኳት እየሞላሁ ነው።» ጨርቁን አጠፈችው። «ዓይኔ ሲደክም ግን ጣቴ የምትይዘው አጣች። ከጫፍ ጀምሬ እቆጥራለሁ፣ መሐል ላይ ይጠፋብኛል፣ እተረትራለሁ። ስተረትር ጨርቁ ሳሳ። ተውኩት።»

ጥልፍ የተወችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሰልችቷት ነበር የመሰለው። አንድ ቀን እንኳ «ምነው ተውሽው?» ብሎ አልጠየቃትም፤ ቤቱ ውስጥ የወደቀ ክርና መርፌ ባለመኖሩ እንዲያውም ደስ ብሎት ነበር። ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ ቢኖር ይቀለው ነበር። የለም። ማስመሪያ አጠገቧ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ፤ እሷም «በል እንግዲህ፣ ጨርቅ ነው እኮ» እያለች ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

የቦርዱ ስብሰባ ቀን ሁሉም ለጠብ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ሊቀመንበሯ አስቀድማ ሦስት ገጽ ጽፋለች፤ ወረቀቱ ለምን መቅረት እንዳለበት በረጋ መንፈስ የሚያስረዳ። ማስመሪያ ግን ገብቶ ዘጠና ሁለት ወረቀቶችንና አሮጌ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ከመረ። «ወረቀቱ ይቀጥል» አለ። «የሚቀጥለው ወረቀት ቁጥር አንድ ራሱ ይሁን፤ እንደገና፣ ሳይነካ። ከሥሩ ይህ ይታተም፤ በስሜ።» ከኪሱ ያወጣውን አነበበ።

«ከቁጥር አንድ እስከ ዘጠና ሁለት ባወጣኋቸው ንድፎች ላይ፣ ጠላፊዎቹ ሆን ብለው የተዉትን ቦታ ስህተት መስሎኝ ሞልቻለሁ። አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። በሥልሳ አንዱ ላይ እጄ ገብቷል። የትኛው በእርግጥ ስህተት እንደነበረ፣ የትኛው ማረፊያ እንደነበረ አሁን እኔም መለየት አልችልም። የምታውቁ ንገሩን።»

ከሁሉ ቀድማ የደነገጠችው ለውጥ ለውጥ ስትል የከረመችው ሊቀመንበር ናት። ንድፎቹ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል፤ በእነሱ ለተሠሩ ጥልፎች ማኅበሩ በየዓመቱ ሲሸልም ኖሯል፤ «ጥንታዊና ትክክለኛ» የሚል የምስክር ወረቀት እየሰጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ወደፊቱን ነው የምልዎት» አለች። «ያለፈውን መቆፈር ለምን አስፈለገ? ‘አንዳንድ ማሻሻያዎች ተደርገዋል’ ብንል በቂ ነው። ደግሞ ማንም አላወቀም እኮ።»

«ያወቁ አሉ። ዓይናቸው የደከመ ሴቶች ናቸው፤ መጽሔት አያነቡም።»

«ማኅበሩን መሳቂያ ያደርገዋል።»

«እኔን ነው መሳቂያ የሚያደርገው፤ ስሜ ነው ያለበት። ራሳቸው ይናገሩ ብለሻል አይደል? እንግዲህ አንዷ ተናግራለች። የተናገረችው ደስ የማይል ሆኖ ተገኘ፤ እንዝለለው?»

ሬዲዮ እጇን አነሣች፤ ሌሎች ሦስትም ተከተሉ። አራት ለሦስት ሆነ። ሊቀመንበሯ ውጤቱን በቃለ ጉባኤ ስታስመዘግብ ድምፅዋ ሻከረ፤ ግን አስመዘገበች።

ከታተመ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። ሦስት ጊዜ ጽሑፍ ያወጣ አንድ ምሁር ከእንግዲህ ከዚህ መጽሔት ጋር ስሜ እንዳይነሣ ብሎ ጻፈ፤ ያለፈው ዓመት ተሸላሚ ደግሞ ቢሮ ድረስ መጥታ ማስመሪያን አፉን አስያዘችው። እሱም ልክ ነሽ አላት፤ ልክም ነበረች። ከዚያ ግን በልጆቻቸው ስልክ አሮጊቶች መደወል ጀመሩ። አንዷ «ቁጥር ሠላሳ ላይ ያዞርካት ቅጠል የእናቴ ናት፤ ግራኝ ስለነበረች ነው» አለች። ሌላዋ «እሱን ተወው፣ እሱስ በእርግጥ ስቼ ነው» ብላ ስቃ ዘጋች። ሬዲዮ ትቀዳለች፣ ማስመሪያ ከደብተሩ ላይ ቀዩን በላጲስ ያጠፋል። አንዳንዱ ቦታ እርሳሱ ስለጠለቀ አይጠፋም።

ሚስቱ ስለ መጽሔቷ ምንም አላለችም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሸካራ ጨርቅና ወፍራም ክር ይዞላት ገባ፤ ክሩን በመርፌዋ ራሱ ሰካላት። መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። የመጀመሪያውን መስመር ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተረተረችው። ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ጣቷ ረስታለች። ማስመሪያ ልቡ አልችል አለና አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ይቆጥርላት ጀመር። «አንድ። ሁለት። ወደ ቀኝ ትንሽ፤ ሦስት።»

«እስኪ ዝም በልልኝ» አለችው። «አንተ ስትቆጥር ጣቴ የምትለው አይሰማኝም።»

ዝም አለ። እጁንም ጉልበቱ መሐል ደበቀው። አራተኛው አበባ ጠመም ብሎ ወጣ፤ አየው፣ ዝም አለ። አምስተኛውና ስድስተኛው እስኪያልቁ የጎረቤት ውሻ ሁለት ጊዜ ጮኾ ተወ። ሚስቱ የሰባተኛውን ዙሪያ ጨርሳ መርፌዋን አሻገረችና ሌባ ጣቷን ባዶው ጨርቅ ላይ አሳረፈች፤ ለረጅም ጊዜም አላነሣችም።

«እዚህ ነኝ» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ።